የአንድ ጣት ጥልቀት

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ጋዜጣው ጭኑ ላይ ተዘርግቷል፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ወርዷል፤ አንድ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ ከሰል ምድጃው ዘርግቷል። ላየው ሰው ምሳው ከብዶት ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም። ፊቱማ ቆመው ከሚያዩት ሁሉ የተሻለ ደም ነበረው።

መርማሪዋ ከደረጃው ግርጌ ቆማ፣ አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ብቻ አስግጋ ታየዋለች።

«ይግቡ እንጂ» አላት ሃምሳ አለቃው ከውስጥ። «ሐኪሙ ጨርሷል። ልብ ነው ብሏል። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ብስጭት።»

«ከዚህም ይታየኛል።»

ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። በቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ነገር ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ያቺው መርፌ ግን የተዘጋ ክፍል ትፈራለች። ልጅ ሳለች ታላላቅ ወንድሞቿ ለጨዋታ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባትና፣ ኳስ ሲጠራቸው ረሷት። ከዚያ ወዲህ ሊፍት ገብታ አታውቅም፤ ቢሮዋ የላይኛው ፎቅ ላይ ነውና ጉልበቷ ይመስክር። ይህ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ደግሞ መስኮት የለው፣ ጣሪያው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ፣ መውጫው ያው መግቢያው። ገና ደጃፉ ላይ ሆና ላብ ጀርባዋን አራሰው።

«ለምን ቀላ?» አለች።

«ማ?»

«ሟቹ። በልብ የሞተ ሰው ይገረጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ይሄ ሰው ከሠርግ የተመለሰ ነው የሚመስለው።»

ዓይኗ ከምድጃው ተነስቶ ወደ ጣሪያው ወጣ። ጥጉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ ወደ ውጭ የሚወጣ መተንፈሻ። ውጭ ረፋድ ነው፤ የቀዳዳው ጫፍ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«ይውጡ ሃምሳ አለቃ። የፓርኩንም በር ያስቆልፉ፤ ማንም አይወጣም። ይህን ሰው የገደለው የከሰል ጭስ ነው፤ ጭሱን ደግሞ እዚህ ያስቀረው ሰው አለ።»

ሟቹ የፓርኩ ኃላፊ ነው። በማግስቱ የፓርኩ የምሥረታ በዓል ይከበራል ተብሎ ከበሩ እስከ ኮረብታው ጫፍ ባንዲራና ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ያንን ሁሉ ዝናቡ እንደታጠበ ልብስ አንጠልጥሎታል። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘው አስጎብኚው ነበር። ሠራተኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ባትሪው አያልቅም። ዛሬ ግን ድምፁ ቀንሷል።

«እትዬ፣ ይሄ ፓርክ እንደ ብርዳም ሰው ነው፤ በላይ በላዩ የደረበ» አላት፣ ዣንጥላ ይዞላት እየሄደ። «ከታች የጥንት ምሽግ ነበር። ምሽጉ ላይ አንድ ባለጸጋ እልፍኝና የአትክልት ቦታ ሠራበት። የእሱ ዘመን ሲያልፍ እስር ቤት አደረጉት። እስር ቤቱ ሲዘጋ ለሕዝብ ተሰጠ፤ ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ያ ክብ ሰገነት ያን ጊዜ የተሠራ ነው። ጋሼ የሞቱበት ክፍል ሁሉንም አይቷል፤ የምሽጉ ማከማቻ፣ የባለጸጋው የወይን ጠጅ ቤት፣ የእስረኞቹ ጨለማ ክፍል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» ነው የምንለው።»

«አሁንስ ሆዱ አልፈጀውም» አለች መርማሪዋ። ከደረጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ፊት ቆማ ነበር። «ይሄ ድንጋይ ለምን ከጎረቤቱ ወደ ውስጥ ገባ?»

«እሱ የቤታችን ሕግ ነው። አዲስ የተጠገነ ሁሉ ከአሮጌው ጣት ያህል ይገባል። ጎብኚው ትናንት የተሠራውን የጥንት ነው ብሎ እንዳይሞኝ። ግንበኛችን አባ ኖራ ያመጡት ነው። ሜትር አይዙም፤ ጣታቸውን ድንጋዩ ላይ ያጋድማሉ፣ ጣቱ ከአሮጌው ፊት ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው።»

መርማሪዋ ሌባ ጣቷን አጋደመችበት። ጣቷ ገብቶ ጠፋ።

«የሳቸው ሥራ ነው» አለ ሬዲዮ። «የሳቸው ጣት እንደ በቆሎ እሸት ነው። ያኛውን ይዩት፣ ሰገነቱ ላይ ያለውን።»

እዚያም ጣቷን አጋደመች። ከአሮጌው ፊት ጋር እኩል ሆነ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የጥገና ኃላፊያችን፣ የባለሙያዋ። እሳቸው ናቸው ያስተማሯት። ከሁለቱ በቀር እዚህ ድንጋይ የሚነካ የለም።» ትንሽ ተራመደና አላስቻለውም። «ጋሼም ቢሆኑ መጨረሻ ላይ የተጣሉት ከሁለቱ ጋር ነው።»

«በምን?»

«በግድግዳው ነዋ! ነገ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጋሼ ክፍሉን የባለጸጋው የወይን ቤት ብቻ ላድርገው አሉ። በርሜል ተደርድሮ፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ። እስረኞቹ የጫሩትን ሁሉ በኖራ ምርጊት ልሸፍነው አሉ። አባ ኖራ እምቢ፣ ባለሙያዋም እምቢ፤ ከውጭ መራጊ አስመጡ። ክፍሉ እርጥብ ስለሆነ ለነገ አይደርቅም፤ ስለዚህ ከሰል። ይፍቁብኛል ብለው ስለሚፈሩ ደግሞ ራሳቸው በሩን ዘግተው ይጠብቁ ነበር።»

«በተዘጋ ቤት ከሰል! የሚመክራቸው ጠፋ?»

«ባለሙያዋ ባለፈው ክረምት ሠራተኞቹን ከሰል ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ያስተኛችሁና አትነሱም ብላ ከልክላ ነበር። ጋሼ ግን መተንፈሻው እያለ ምን አለበት አሉ። እውነትም ክፍት ነው፤ ልጆች ስናስጎበኝ ጆሯቸውን ይደቅኑና የእስረኞቹን ትንፋሽ ሰማን ይላሉ። ነፋስ ነው እንጂ።»

«ውሰደኝ ወደ መተንፈሻው።»

ከሰገነቱ ጀርባ፣ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ተዘግቷል። የዘጉት ጡቦች አሮጌ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ጭቃ ተለስኗል፣ ጭቃው ላይ የድንጋይ ሽበት ተለጥፏል። ሬዲዮ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሃምሳ አለቃው ግን ትከሻውን ነቀነቀ።

«ይሄማ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተዘጋ ነው።»

መርማሪዋ ጭቃውን በጥፍሯ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ ያለው ኖራ ለስላሳ ነበር፤ ጥፍሯ ገባበት። ከዚያ ዝናቡ በአንገቷ እየወረደ ጎንበስ አለችና፣ ጣቷን ጡቡ ላይ አጋደመች። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

መሬቱ ላይ አንድ የሲጋራ ቁራጭ አለ። ጭቃው ላይ ደግሞ ሰፊ የቦቲ ጫማ ዱካና የሁለት ጉልበት ምልክት፤ አንድ ከባድ ሰው ተንበርክኮ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው።

«ኖራ ከሆነ ባለ ኖራው ነው፤ ይሄ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል?» አላት ነገሩን ሰምቶ። «ከሰዓት በኋላ መኪና እልካለሁ። ግንበኛውን አስረክቢና ነገ በዓሉ ይከበር።»

«እሳቸው ካልሆኑስ?»

«ፍርድ ቤት ይለየዋላ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ይህን ተረት የሚወዱት ሌላ ሰው ሲታሰር ነው፤ እያደር ሲጠራ የሚያድረው እስረኛው ነውና። መርማሪዋ ስልኩን ዘጋች።

ቃል የተቀበለችው በባለጸጋው እልፍኝ ውስጥ ነው፤ አሁን ቢሮ ሆኗል። መስኮቶቹ ላይ ከእስር ቤቱ ዘመን የቀረ ብረት አለ፤ ከብረቱ ውጭ ዝናብ፣ ከዝናቡ ውጭ አጥር። ተጠርጣሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይደነግጣል።

መጀመሪያ ምክትሉ ገባ። የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ እህቱ ከበሩ ውጭ ስታለቅስ እስከዚህ ትሰማለች። ጫማው ጭቃ ነክቶታል።

«ትናንት ከሰገነቱ ጀርባ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተው ነበር?»

«እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ሰነበትኩ!»

«ስለ ሲጋራ የጠየቀዎት የለም።»

ምክትሉ ዓይኑን ተከለ፤ ቀጥሎ እንደተነፈሰ ጎማ ወንበሩ ላይ ዝርግት አለ። «እህቴ አስምላኛለች። ሳንባህ አልቋል ብላ። እዚያ ተደብቄ አንድ አንድ አጨሳለሁ። ቁራጩን መተንፈሻው ውስጥ እወረውራለሁ፤ ማንም አያየውም።»

«ታሪካዊ ቦታ ላይ።»

«ታሪካዊ ቦታ ላይ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ትናንትስ?»

«ምሳ በልቼ ወረወርኩ። ከሥራ ስወጣ ደግሜ ብሄድ ቀዳዳው የለም። አንዱ ከእጄ ወደቀ መሰለኝ፣ ተመለስኩ።»

«ቀዳዳው ተዘግቶ አይተው፣ አማችዎ ከሥር ከሰል አንድደው ተቀምጠው፣ ዝም አሉ?»

«ጠገኑት ብዬ ነው! ልቤ ግን… ልቤ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ብናገር አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር እባላለሁ ብዬ ተውኩት።» የእህቱ ልቅሶ ወደሚሰማበት በር ዞረ። «በአንድ ሲጋራ እህቴን ባል አሳጣኋት። ይሄን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?»

መርማሪዋ በሩን ከፈተችለት። ሊወጣ ሲል «በራስዎ አፍ ይንገሯት» አለችው።

ቀጥሎ ባለሙያዋ ገባች። የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ ፀጉሯ በመሐረብ ታስሯል፣ ቀጫጭን ጣቶቿን ኖራ ሰነጣጥቋቸዋል።

«ኃላፊው ክፉ ሰው ነበሩ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ኧረ በፍጹም። ለሠራተኛ አዛኝ ናቸው። ግን ታሪክ ማለት ለሳቸው እንግዳ ሲመጣ የሚነጠፍ ምንጣፍ ነበር። የቆሸሸውን ጠቅልለው ያማረውን ያነጥፋሉ።»

«ግድግዳው ላይ ምን ነበር?»

«ጭረት። የቀን ቆጠራ። አንድ ሰው ወፍ ስሏል፣ አንዱ መርከብ።» መሐረቧን አጠበቀች። «አንድ ትንሽ እጅም አለች። የሕፃን እጅ።»

«ሕፃን ታስሮ ነበር?»

«አይ። ልጁ መወለዷን የሰማ አንድ እስረኛ፣ እጇ ይህን ያህላል ብሎ ገምቶ የጫራት ነው።»

«ምርጊቱ ሲነሳ ትገኝ የለ?»

«ኖራ እርጥብ ሳለ ይነሳል። ከሰል ካደረቀው ግን ከድንጋዩ ጋር ይጋባል፤ ያን ጊዜ የሚነሳው ከነጭረቱ ነው። ቢዘገይ ትናንት ማታ ያበቃለት ነበር።» ይህን ያለችው ለተማሪ እንደምታስረዳ ሆና ነው። ከዚያ የተናገረችውን የሰማች መሰለች፤ እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ግንበኛው አባ ኖራ ግን እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቁም።

«እኔ ነኝ» አሉ ከበሩ።

«እርስዎ ምን ነዎት?»

«የምትፈልጊው ነኝ፣ ልጄ። ዘጋሁበት፣ ሞተ፣ አለቀ። ሌላውን ሰው አታንገላቺ።»

«ለምን አደረጉት?»

«ክፍሉ ውስጥ ታስሬ ነበር። ያ ግድግዳ የእኔ ነው።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ከጓደኛዬ ጋር። እኔ ወጣሁ፣ እሱ አልወጣም።»

«ቤተሰብ ነበረው?»

ሽማግሌው የመስኮቱን ብረት አዩ። «ዝናቡ በረታ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቢጠየቁ፣ ቢለመኑ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። «እኔ ነኝ» ብቻ። መርማሪዋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮን አስጠጋችው፤ ለእሱ ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱ ደረሰ።

«ባለሙያዋን እኮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አባቷ እዚያ ክፍል ነው የሞተው፤ አላያትም። እናቷም ብዙ አልቆየች። አባ ኖራ በየዓመቱ ያመጧትና እጇን ግድግዳው ላይ ካለችው እጅ ጋር ያስለኳት ነበር ይባላል፤ እጇ በልጦ እስኪያልፍ ድረስ። አሁን እንኳ አባባ ነው የምትላቸው።»

ከበሩ አካባቢ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አዛዡ ቃሉን ጠብቋል።

«ሁሉንም ወደ ሆድ ይፍጀው ውሰዷቸው» አለች መርማሪዋ።

ሃምሳ አለቃው ተገርሞ አያት። «እርስዎም ይገባሉ?»

«እኔም እገባለሁ።»

አስከሬኑ ተነስቷል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ወንበሩ ግን እዚያው አለ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። የዝናቡ ውሃ በደረጃው መውረድ ስለጀመረ ሃምሳ አለቃው በሩን ገፋው። እንጨቱ ከመቃኑ ጋር ሲገጥም መርማሪዋ የልጅነት ቁም ሳጥኗን አሸተተችው፤ የናፍታሊን ሽታ፣ የወንድሞቿ ሩጫ ሲርቅ። ክፉኛ ፈራች። እግሯ ወደ በሩ ሊዞር ሲል አባ ኖራን አየቻቸው። ሽማግሌው ጥግ ላይ፣ ነጩ ምርጊት ሥር ቆመዋል፤ ገና ወጣት ሳሉ የቆሙበት ቦታ መሆን አለበት። እሳቸው እዚህ ዳግመኛ ሊታሰሩ ፈቅደው ቆመው እኔ አንዲት ጉዳይ መናገር ያቅተኛል? አለች ለራሷ።

«አሳጥራለሁ፤ እዚህ መቆየት አልወድም» ብላ ጀመረች። «ኃላፊው የሞቱት በከሰል ጭስ ነው፤ መቅላታቸው ይመሰክራል። ጭሱ የቀረው መተንፈሻው ስለተዘጋ ነው። ምሳ ላይ ክፍት ነበር፤ ምክትሉ የሚጥሉበት ነገር ነበራቸው። ከሥራ ሲወጡ ተዘግቶ አገኙት። ስለዚህ የተዘጋው ከሰዓት በኋላ፣ በዝናቡ፣ ሁሉም በየጣሪያው ሥር በተሸሸገበት ሰዓት ነው። እስኪ ንገሩኝ፤ ቀዳዳ ለመዝጋት ምን ያስፈልጋል?»

«ጨርቅ» አለ ሬዲዮ፣ አላስቻለውም።

«ጨርቅ ይበቃል። ግን ጨርቅ ሲገኝ ሰው አድርጎታል ይባላል። ይሄ ሰው አሮጌ ጡብ መረጠ፣ ጭቃ ለሰነ፣ ሽበት ለጠፈ። የጥንት እንዲመስል ነው፤ ሃምሳ አለቃችንም አምነው ነበር።» ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ የጥንት እንዲመስል የሚፈልግ ሰው ጡቡን ከድንጋዩ ጋር እኩል ማድረግ አለበት። ይሄኛው ግን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎታል። እዚህ ፓርክ ውስጥ ገባ ማለት አዲስ ነኝ ማለት ነው። ራሱን ሊደብቅ የመጣ ሰው ለምን አዲስ ነኝ ብሎ ይጽፋል?»

አባ ኖራ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አስቦ አይደለም። ጭንቅላቱ ሊዋሽ መጥቶ፣ እጁ የለመደውን ሠራ። ይህን የለመዱ እጆች ሁለት ናቸው።»

«የእኔ ነው አልኩ እኮ!» አሉ አባ ኖራ።

መርማሪዋ ከኪሷ ሁለት የሻማ ቁራጮች አወጣችና የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ከደረጃው አጠገብ ባለው በእርስዎ ግንብ ጥልቀት ልክ የጠረብኩት ነው። ይሄ ደግሞ በተዘጋው መተንፈሻ ልክ። ጣትዎን ያስጠጉ አባቴ።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። መርማሪዋ እጃቸውን በቀስታ ይዛ አስጠጋችው። ከወፍራሙ ሻማ ጋር ጣታቸው እኩል ሆነ። ከቀጭኑ ጋር ሲሆን ገሚሱ በላይ ቀረ።

«ያረጀ እጅ ነው፣ አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴ ያብጣል» አሉ።

«ጠዋት ከሁላችን በፊት ቁጥቋጦው ሥር ተንበርክከው ነበር፤ የቦቲዎና የጉልበትዎ ዱካ ዝናቡ ሳያጥበው እዚያው አለ። መቼም ጡቡን አይተው የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገዎትም። እኔ ቃል ስጠይቅዎት የነገሩኝ ያደረጉትን አይደለም፤ ያዩትን ነው። ሊሞቱላት ነው የመጡት።»

«ዝም በይ!» አሉ ሽማግሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው። «ከዚህ ክፍል አባቷን ይዤ አልወጣሁም። ከሞት አፍ ላይ እንኳ እጄን ይዞ ልጄን አደራ ነው ያለኝ። እሷንም እዚህ ላስቀራት?»

«አባባ፣ ይተዉት።»

ባለሙያዋ እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ማንም ሳይጠይቃት ወደ ወንበሩ መጣች፣ ሌባ ጣቷን ከቀጭኑ ሻማ አጠገብ አጋደመች። እኩል ነበር።

«ጭሱ ያስወጣቸዋል ብዬ ነው» አለች፤ ከዚያ መርማሪዋን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ። ከሰል እንደሚያስተኛ እኔ ነኝ ለሠራተኞቹ የነገርኩት። አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩቼ ምርጊቱን ይተዉት ብያቸዋለሁ፤ ነገ ነጭ ሆኖ ስታዪው ትወጂዋለሽ አሉኝ። ትወጂዋለሽ! አባቴን አይቼው አላውቅም። ያለኝ ያቺ እጅ ናት፤ እሷንም ከምርጊቱ ጋር ሊያጋቡብኝ ነበር። ሌላ መውጫ አልታየኝም።»

«መውጫ ነበረ» አለች መርማሪዋ። «መውጫ ያጡት እሳቸው ናቸው።»

ባለሙያዋ ባዶውን ወንበር አየች። «አንድ ጫማቸውን አውልቀው ነበር አሉ» አለች፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ። «ጡቡን እኩል ላደርገው ነበር። እንደዚያ አስቤ ነው የጀመርኩት። ውሸት መሥራት አቃተኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ለመግደል እሺ ብሎ ለጡብ እምቢ አለኝ።»

ምክትሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ያዘ፤ መርማሪዋ ግን መጀመሪያ በሩን እንዲከፍተው በእጇ አመለከተችው። ውሃውም ነፋሱም አንድ ላይ ገቡ።

አባ ኖራ መዳፋቸውን ምርጊቱ ላይ አኑረው ቆመዋል። «አልደረቀም» አሉ በቀስታ። «ከሰሉ ቶሎ ጠፍቷል። አሁን ከተነሳ ይነሳል።»

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃውን አየችው። «ፎቶው ተነስቷል?»

«ሁሉም ተነስቷል።»

«እንግዲያው ክፍሉን ጨርሰናል። ጡቡ ግን ማስረጃ ነው፤ እንዳይነካ።»

ባለሙያዋ በሁለት ፖሊሶች መካከል ደረጃውን ወጣች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። «አባባ፣ በስፖንጅ ነው» አለች ሳትዞር። «እንዳይፍቁት። ከላይ ወደ ታች።»

«ያስተማርኩሽ እኮ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

መኪናው ሄደ። አባ ኖራ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጡና ሥራ ጀመሩ። ነጩ ምርጊት እየቀለጠ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ቆጠራው ታየ፣ ቀጥሎ ወፉ። መርማሪዋ መሄድ ሲገባት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ከወፉ ሥር፣ ከደረት ከፍ ብሎ፣ ጣቶቿን የዘረጋች ትንሽ እጅ ወጣች፤ አውራ ጣቷ ትንሽ ረዝሟል፣ አባትየው ሕፃን አይቶ የማያውቅ ወጣት ነበር።

ሬዲዮ ባልዲውን ይዞላቸው አጠገባቸው ቆሟል። በመጨረሻ «አባ ኖራ» አላቸው። «እንግዶች ይመጣሉ። ዛሬ ባይሆን አንድ ቀን ይመጣሉ። የተጫረውን አሳያለሁ፣ ስለ ምርጊቱስ ምን እላለሁ? ያንን የተዘጋ መተንፈሻ ደግሞ ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

ሽማግሌው ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጨመቁ።

«እንዳለ ተናገረው» አሉ። «የጫረውንም፣ የሸፈነውንም፣ እዚህ ተቀምጦ የሞተውንም። ልጄንም እንዳትዘላት።»